ቅጣት የሌለበት ቀጠሮ

የኮንዶሚኒየማችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ስም ጥሪ እይዛለሁ፣ የወር መዋጮ ያልከፈለውን እመዘግባለሁ፣ ቀብር ላይ ያልተገኘውን መቀጫ አሰላለሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ነው የመረጡኝ። እኔም ወድጄው ነው የምሠራው። ቱሉ ዲምቱ ስንገባ ማንም ማንንም አያውቅም ነበር፤ ዕጣ ያሰባሰበን ሰዎች ነን። ጎረቤት ያደረገን ዕድሩ ነው።

አንድ ስብሰባ ላይ የሰማሁት ነገር ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። ታክሲ ውስጥ ትዝ ይለኛል። ወጥ እያማሰልኩ ትዝ ይለኛል። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ። የጋራ መገልገያው ቤት ውስጥ ተሰብስበናል። መዝገቡን ከፍቼ የተቀጪዎችን ስም እያነበብኩ ነው። እንደተለመደው ሁሉም ምክንያት አለው። አንዱ መስክ ሥራ ላይ ነበር። አንዷ ልጇ ታሞባት ነበር። አንዱ ደግሞ የሞት መልእክቱ በቴሌግራም አልደረሰኝም ብሎ ይምላል። ዳኛው ግማሹን ይምራሉ፣ ግማሹን ይቀጣሉ።

ከዚያ የቲቸር ተራ ደረሰ። ቲቸር ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው መዝገቡ ብቻ ነው፤ ሕፃን ዐዋቂው ቲቸር ነው የሚላቸው። ሁለት ቀብር ቀርተዋል። ዳኛው «የቲቸርን እንለፈው፤ ትልቅ ሰው አይቀጣም» አሉ። ቤቱም «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አለ።

ቲቸር ከወንበራቸው ተነሡ። «አይሆንም። ቀርቻለሁ፤ ልቀጣ።»

«ታመው ነበር እንዴ?» አላቸው አንድ ሰው።

«ደህና ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰበታ እኅቴ ጋ ነኝ። ዐይኗ ደክሟል። ጋዜጣ አነብላታለሁ፣ ጥፍሯን እቆርጥላታለሁ። ቀብሮቹ ቅዳሜ ቀን ዋሉ። እኔም እኅቴ ጋ ሄድኩ።»

«ታዲያ ይኼማ በቂ ምክንያት ነው፤ ይማሩ» አሉ ዳኛው።

«ምሕረት አልጠየቅኩም» አሉ ቲቸር። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ክፍል ውስጥ ትምህርት የሚያስረዱ ነው የሚመስሉት። «እናንተ ጋ ብቀር የሚቀጣኝ አለ። እኅቴ ጋ ብቀር የሚቀጣኝ የለም። እሷም ቢሆን "ለምን ቀረህ?" አትለኝም። ስለዚህ የሷን ቀን መጠበቅ ያለብኝ እኔው ራሴ ነኝ። የምጠብቅበትም ዋጋው ይኼው ነው፤ ልክፈል።»

ወደኔ መጡ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ብር አውጥተው አንድ በአንድ ቆጥረው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ካርቦኑን አስገብቼ ደረሰኝ ቆረጥኩላቸው። መዝገባችን ላይ «ምክንያት» የሚል ረድፍ አለ። «ምን ልበል ቲቸር?» አልኳቸው።

«"እኅት" ብለሽ ጻፊ ልጄ» አሉኝ። ጻፍኩ።

ቀን ያለው፣ ቀን የሌለው

ማታ ቤት ገብቼ መዝገቡን እንደገና ገለጥኩት። በኔ ስም ትይዩ አንድም ክፍት ቦታ የለም። ቀብር፣ ስብሰባ፣ ድንኳን ተከላ፣ ሁሉም ላይ ተገኝታለች ይላል። ማንም ቢያየው «ጎበዝ!» ይለኛል። የቲቸር ነገር ግን ውስጤ ገብቶ ሌላ ሐሳብ አመጣብኝ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይባል የለ? እዚህ አንድም ቀን ካልቀረሁ፣ ሌላ ቦታ እየቀረሁ ነው ማለት ነው። የት ነው የምቀረው? እዚያስ ስም የሚጠራ ማን አለ?

«ከማንም በላይ የምትወጂው ማንን ነው?» ብትሉኝ ሳላስብ እመልሳለሁ፤ እናቴንና ልጄን። ባለቤቴ ይኼን ሲያነብ አይከፋውም፤ እሱም ቢጠየቅ እናቱንና ልጁን ነው የሚለው። እናቴ ያለችው ደብረ ብርሃን ነው። 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ጠዋት ተነሥቶ ለምሳ የሚደረስበት አገር። በየቀኑ እደውልላታለሁ። የምሄደው ግን ፋሲካ ሲሆን፣ ዘመድ ሲሞት፣ ሠርግ ሲጠራን ነው። ለእሷ ለራሷ ብቻ ተብሎ የተያዘ ቀን አልነበራትም።

የሚገርመኝ ደግሞ፣ እኛ አገር ለነገሮች ቀን በመስጠት የሚያህለን የለም። ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔ ዓለም በ27። ዶፍ ቢወርድ ማኅበሩ አይቀርም። ዕቁብ ቀን አለው። ለሞተ ሰውማ ቀኑ ከጥንት ጀምሮ ተቆጥሮ ተቀምጧል፤ ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። እናቴ ብትሞት፣ ክፉዋን አያሰማኝና፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ስምንት ቀን ይኖራታል። ሥራ በዛብኝ ብዬ ሰማንያዋን አላሳልፍም። ገንዘብ አጠረኝ ብዬ ሙት ዓመቷን አልተውም። ተበድሬም ቢሆን አወጣለሁ። ቆማ ላለችው ግን እንዲህ ያለ አንድ ቀን እንኳ አልነበረኝም።

ሕጉም እንደኛው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወላጁ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይፈቅዳል። ደግ አደረገ። በሕይወት ያለች እናቱን ለመጠየቅ የሚፈልግ ግን ከዓመት ዕረፍቱ ላይ ነው የሚቆርሰው። ዕረፍቱ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። እሱ ደግሞ ልጅ ሲታመም፣ የወረዳ ጉዳይ ሲመጣ፣ ክርስትና ሲኖር እየተቆራረሰ ያልቃል።

ዕድሩን ነቅፌ አይደለም። ባለቤቴ አባቱን ያጣ ጊዜ ድንኳኑን የተከሉልን፣ ሌሊቱን አብረውን ያደሩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ያ ቀን ባይኖር፣ ያ ስም ጥሪ ባይኖር፣ ሁሉም «ነገ እመጣለሁ» እያለ ብቻችንን እንቀር ነበር። ዕድር የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። መልካም ሐሳብ ብቻውን ሰውን ከቤቱ አያወጣም። ቀን ተቆርጦለት፣ የሚጠይቅ ሲኖር ነው የሚሆነው። እኔ ይኼን ለጎረቤቶቼ እያደረግኩ ለእናቴ ያላደረግኩት ለምንድን ነው? ብዙ አሰብኩበት። ፍቅር አንሶኝ አይደለም። በጣም የምንወደው ሰው ይረዳናል ብለን ስለምናስብ ይመስለኛል። «እማዬ ትረዳኛለች።» «ልጄ የትም አይሄድብኝም።» አለቃ አይረዳም፣ ዕድር አይረዳም፣ ባንክ አይረዳም። ስለዚህ ለማይረዳን ሙሉ ሰዓት እንሰጣለን፤ የሚረዳን ሰው ትራፊው ይደርሰዋል።

ውሃ የምትመጣበት ሌሊት

መሥሪያ ቤታችን አንድ ጊዜ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ሥልጠና ተሰጥቶናል። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ አራት ሳጥን ሣለ። አስቸኳይ፣ አስፈላጊ፣ እያለ ከፋፈለልን። «በሕይወታችሁ ቅድሚያ የምትሰጡትን ጻፉ» አለ። ሁላችንም ቤተሰብ፣ ጤና፣ ፈጣሪ ብለን ጻፍን። ወረቀቱ ጥሩ ነበር። ችግሩ ወረቀቱ ሰፈራችንን አያውቅም።

እኛ ብሎክ ውሃ በፈረቃ ነው የምትመጣው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት። የቧንቧው ድምፅ ሲሰማ የነቃ ሰው ጄሪካኑን ይሞላል፤ ያልነቃ ሳምንቱን ከጎረቤት ይለምናል። ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ ሜክሲኮ እስክደርስ ያለውን አዲስ አበቤ ያውቀዋል። ቃሊቲ ላይ አንድ ከባድ መኪና ከተበላሸ የዚያ ቀን ዕቅድ አለቀ። ማታ ደግሞ ሰልፉ። እንጀራ፣ የልጅ የቤት ሥራ፣ ነገ የሚለበስ ልብስ። «ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥተሽ አሰላስዪ» የሚሉኝ ሰዎች በዚያ ሰዓት ተነሥቼ ምን እንደምሠራ አያውቁም።

ይኼን የምለው ለማማረር አይደለም። ከቀኔ ውስጥ በእጄ ያለው ትንሽ ነው። ትንሽ ከሆነ ደግሞ የት እንደሚሄድ ማወቅ አለብኝ። ቁጭ ብዬ ሳየው በእጄ የነበረው ዋናው ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜን የሰጠሁት ለአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ነው፤ ሒሳብ እሠራላቸዋለሁ። ለምን ጀመርኩት? ለልጄ ትምህርት ቤት ክፍያ። ለእናቴ በየወሩ የምልክላትን ከፍ ለማድረግ። ለሁለቱ ብዬ ከሁለቱ ጋር የምሆንበትን ብቸኛ ቀን ሸጥኩት። አያቴ ብትኖር «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ትለኝ ነበር። ግን እንደሱ ብቻም አይደለም። ብሩ ያስፈልገናል። ኑሮው የት እንደደረሰ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሁሉንም ቅዳሜ መመለስ አልቻልኩም። አንዱን መለስኩ። የወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ የእናቴ ነው አልኩ። የመደብሩ ባለቤት ፊታቸውን አጠቆሩ፤ ከክፍያዬም ቀነሱ። ቅነሳው ያማል፤ ግን አንድ ነገር አስተማረኝ። ያ ቅዳሜ ምን ያህል እንደሚያወጣብኝ አሁን በብር ዐውቀዋለሁ፤ ስለዚህ በዋዛ አላባክነውም።

«ማን ሞተ?»

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሳልነግራት ነበር። ሌሊት ወጥቼ ላም በረት ተሳፈርኩ። ደብረ ብርሃን ስደርስ ብርዱ እንደ ድሮው ነው፤ አፍንጫዬን ቆንጥጦ ተቀበለኝ። በሩን አንኳኳሁ። እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች ወጣች። አየችኝ። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ፊቷ ግን ዐመድ መሰለ።

«ምነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እማዬ።»

«ልጁን አመመው?»

«ደህና ነው።»

«ከባልሽ ተጣላሽ?»

«ኧረ አልተጣላንም።»

«ከሥራ አስወጡሽ?»

«አላስወጡኝም። አንቺን ልይ ብዬ ነው።»

ግንባሬን በመዳፏ ዳሰሰች፤ ትኩሳት አለባት ብላ መሆኑ ነው። ተያይዘን ገባን። ቁጭ ካልን በኋላ እንኳ ደጋግማ «እውነቱን ንገሪኝ» ትለኝ ነበር። ያን ጊዜ የቲቸር ነገር ሙሉ በሙሉ ገባኝ። የናቴ ልብ ልጅ ያለ ምክንያት አትመጣም ብሎ ተምሯል። የኔ መምጣት ለሷ የምሥራች ሳይሆን መርዶ ነበር። በየቀኑ መደወሌ፣ በየወሩ ብር መላኬ ይኼን አላስቀረውም።

በሁለተኛው ወር ዶሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። እንግዳ ነበርኩ። እየቆየ ሲሄድ ዶሮው ቀረ። አሁን ስሄድ ሽሮ ነው የምንበላው፤ እኔ ጓዳ ገብቼ ነው የምሠራው። ምስር ዘርግተን እንለቅማለን። አንዳንዴ እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል፤ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እውላለሁ። ትልልቅ ወሬ አናወራም። ፋሲካ ስሄድ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ስለ ሁሉም ነገር ነበር የምናወራው፤ ስለ እሷ ብቻ አናወራም ነበር። አሁን ጉልበቷ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚከብዳት ዐውቃለሁ። መድኃኒቷን ከምግብ በፊት መውሰድ እንደምትረሳ ዐውቃለሁ። ይኼን በስልክ ነግራኝ አታውቅም። በስልክ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ናት።

አንድ ቅዳሜ ምስሩን እየለቀምን ጠየቅኳት። እናቴ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነበር የምትሠራው። የማታ ፈረቃ ስትሆን እኔና እኅቴን ጎረቤት ጋ አስተኝታ ነው የምትወጣው። «እኛን ጥለሽ ስትሄጂ አይከብድሽም ነበር?» አልኳት። ሳስበው የቆየሁት ስለ ራሴ ነው፤ ጥያቄው ግን በሷ በኩል ወጣ።

«ምን ይከብደኛል?» አለችኝ። ምስሩን ከማራገብ እንኳ አላቆመችም። «የምሄደው ለማን ሆኖ! ጠዋት ስመለስ ግን ጠጉራችሁን ሳልሠራ ተኝቼ አላውቅም።»

እውነቷን ነው። ወለሉ ላይ በጉልበቷ መሐል ታስቀምጠኝና ሹሩባ ትሠራኛለች። ጣቷ ሱፍ ሱፍ ይሸታል። ዐይኗ በእንቅልፍ ይከደናል፤ እጇ ግን አይቆምም። ስለዚያች ሴት ሰዓት ቆጥሮ «ለልጆችሽ ያለሽ ጊዜ አነሰ» የሚል ካለ እኛን አላየም ማለት ነው። ሌሊቱን ለፋብሪካው ሰጠች፤ ያችን የጠጉር ሰዓት ግን ለማንም አልሰጠችም፤ ለእንቅልፍም ጭምር።

ከዚያ ወዲህ በሰዓት ብዛት ራሴን መክሰስ ትቻለሁ። ብዙውን ሰዓቴን የሚወስደው ሥራና መንገድ ነው፤ እሱም ለነሱው ነው። ማየት የጀመርኩት ሌላ ነገር ነው። ማንም መጥቶ የማይገፋው፣ ለማንም የማልለቀው ጊዜ ለማን አለኝ?

እኅቴ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። እኔ እናቴ ጋ በምሆንበት ቅዳሜ እየደወለች ሦስታችን እንድናወራ ተስማምተን ነበር። የዕረፍት ቀኗን የሚወስኑት ግን አሠሪዎቿ ናቸው። አንዳንዴ ይሆንላታል፣ አንዳንዴ ስልኳን እንኳ አታነሣም። ይኼን ሳስብ ያለችኝ አንድ ቅዳሜ ትከብድብኛለች። ቀኑን የሚመርጥላት ሌላ ሰው የሆነባት እኅት እያለችኝ፣ በራሴ እጅ ያለውን ዝም ብዬ ማፍሰስ አልችልም።

ቅዳሜ ሩቅ ነው

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የአያቱ ቅዳሜ እንደተሳካ ሳይ ለሱም እንደዚያው ላደርግለት ፈለግኩ። «አንተም ቀን ይኑርህ፤ የትኛውን ትመርጣለህ? ከወሩ አንድ ቅዳሜ ሌላ አስለቅቃለሁ» አልኩት። እሱ ግን ደስ አላለውም። ጣቱን እየቆጠረ አሰበ።

«ቅዳሜ ሩቅ ነው» አለኝ።

«ታዲያ መቼ ይሁን?»

«ዛሬ።»

ነገ ብጠይቀውም መልሱ ዛሬ ነው። ለአዛውንት ወር የሚጠበቅ ነገር ነው፤ እናቴ ከአንዱ ሁለተኛ ቅዳሜ እስከ ሌላው በጉጉት ትቆያለች፤ ለጎረቤት ታወራበታለች። ለልጅ ወር ማለት ሌላ ዘመን ነው። ትምህርት ቤት ከጓደኛው የተጣላ ልጅ ቅዳሜ ሲደርስ ታርቆ ረስቶታል። ሊነግረኝ የሚፈልገው የዛሬውን ነው፤ ዛሬ ካልሰማሁት አያወራውም። የዕድር ዘዴ እዚህ ላይ አልሠራልኝም። ለሱ የሚያስፈልገው የናቴ የጠጉር ሰዓት ዓይነት ነው፤ አጭር፣ ግን በየቀኑ።

ችግሩ መንገዱ ነው። ሥራ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይለቃል። ከሜክሲኮ ቤቴ እስክደርስ ልጁ እራቱን በልቶ ዐይኑ ሊከደን ደርሷል። ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር ተመካከርንና ለመሥሪያ ቤቴ ማመልከቻ አስገባሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ቀድሜ ልግባ፣ ማታ አንድ ሰዓት ቀድሜ ልውጣ ብያለሁ። የሰዓቱ ብዛት ያው ነው። ያቺ አንድ ሰዓት የቃሊቲን መንገድ ከመጨናነቁ በፊት ታሻግረኛለች። አለቃዬ «እናያለን» ብለዋል። ካልተፈቀደ ባለቤቴ ጠዋት ልጁን የማድረስ ተራውን ለኔ ይለቃል፤ እኔና ልጄም ትምህርት ቤቱ ድረስ በእግራችን እያወራን እንሄዳለን። የሱን ሥራ መግቢያ ሰዓት አይተን ይቻላል ብለናል። የማመልከቻው መልስ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል።